ምሳ የወጣው ጠራቢ

ቁልፉ ኦኔሲማ ዘንድ ነው፣ ከሽንኩርት ጉንጉኗ አጠገብ፤
ስንዝር ከጋት ይረዝማል፣ ዝገቱ እጅ የሚያወይብ።
በሯን ሳንኳኳ ወጣች፣ ሽርጧን እየፈታች፣
«ደግሞ አንድ ለኪ መጣ» አለች፣ እኔን በዓይኗ እየለካች።

ኦልሞሴዳ፣ ከፓሌንሲያ ሰሜን።
ዘጠኝ ሰው ቀርቷል መንደሩ ውስጥ፣ አሥረኛው ያው ውሻ፤
ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፣ እስከ ኮረብታው መድረሻ።
እዚያ ላይ ተኝታለች፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣
ማር የመሰለች ቤተ ክርስቲያን፣
እንደ ጠገበች ላም ጉልበቷን ከሥሯ አጥፍታ።

«ሳን ኪርሴ» አለችኝ ስሙን። ማነው እሱ ስላት፣
«የሦስት ዓመት ልጅ፣ ከናቱ ጋር የፈላ ጋን ውስጥ የከተቱት።»
ሳቅሁ ለብቻዬ። ቂርቆስን እዚህ ሳገኘው፣
ስሙን ትንሽ አጥፎ ነው እንጂ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው ያው።

በሩ በጩኸት ተከፈተ፤ ቅዝቃዜው ወጥቶ አቀፈን፣
የስምንት መቶ ክረምት ትንፋሽ፣ ተጠራቅሞ የጠበቀን።

ቅስቱን ቀና ብዬ አየሁት፦
እያንዳንዱ ድንጋይ ሊወድቅ ይጣደፋል፣
ጎረቤቱም ሊወድቅ ነው፣ መንገዱን ይዘጋበታል፤
እንዲህ ሲከለካከሉ፣ ውድቀት በውድቀት ታግዶ፣
ይኸው ቆመዋል እስከ ዛሬ፣ ጠብ ፍቅርን ወልዶ።

የምሥራቁ መስኮት ከውጭ ስንጥቅ ነው፣
ከውስጥ ግን እንደ መለከት ይሰፋል፤
ጥቂት ብርሃን ለምኖ ያስገባና
እንደ ባለጸጋ ይናኛል።

ሜትሬን ዘረጋሁ። የሰሜኑ ግድግዳ ዘሟል፣
ክንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ውጭ አዘንብሏል።
«ጣሪያው ነው የገፋው» አልኳት፣ «የድንጋይ ጣሪያ ይከብዳል።»
«እኔን ደግሞ ዘጠና ዓመት» አለች፣ «ግን ማን ይለካል?»

በወረርሽኙ ዘመን ኖራ ቀቡት፣ በሽታ ይገድላል ብለው፤
ከኖራው ሥር ቅዱሳኑ፣ ሦስት መቶ ዓመት ዓይናቸውን ጨፍነው።
አባቷ ልጅ ሳለ፣ ከከተማ ሰዎች መጡ፣
ሙጫና ሸራ ለጥፈው፣ ሥዕሉን እንደ ቆዳ ገፈው ወጡ።
አንድ እግር ረስተዋል።
ባዶ እግር፣ በቀይ መስመር፣ አምስት ጣት፣
ወደ መስኮቱ ሊሄድ የተነሣበት።

ውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች፣ ድንጋዩ ይቀልዳል፦
ጥንቸል በገና ትደረድራለች፣
ሰካራም በርሜል ታቅፎ ያንቀላፋል፣
አንዱ አፉን በጣቶቹ ለጥጦ ምላሱን ያወጣል።
ካህኑ ከውስጥ ሲቆጡ፣ ጠራቢው ከውጭ ይስቃል።

መቅደሱ ደጅ፣ በግራው ዓምድ ራስ ላይ ግን
እጄ ቆመ።
ግማሹ ቅጠል ነው፣ ጅማቱ እንኳ የሚቆጠር፣
ጠል ያደረበት የሚመስል፤
ግማሹ ምንም። የመሮ ጭረት፣ ሦስት መስመር፣
ሊሆን የነበረ ቅጠል።

«ሞቶ ነው?» አልኳት። «ገንዘብ አልቆ? ጦርነት ገብቶ?»
«ኧረ» አለች፣ «ምሳ ሊበላ ወጥቶ።»
«መቼ?»
«ይህ ሲሠራ ነዋ።»
ከእናቷ ሰምታለች፣ እናቷም ከእናቷ፦
ፔላዮ ይባላል፣ ግራኝ ነው፣ ከተራራው ማዶ የመጣ፣
መሮውን መስኮቱ ላይ ትቶ፣ «መጣሁ» ብሎ የወጣ።

ልጇ ከቢልባኦ ትደውላለች፣ በየእሑዱ፣
ነይ፣ ሊፍት አለ፣ ሙቀት አለ፣ ምን ያደርግልሻል ብርዱ።
«እሄድ ነበር» አለች ኦኔሲማ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣
«ሰውየው ጠግቦ ሲመለስ፣ ማን ይከፍትለታል ታዲያ?»
ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

ማታ መዝገቤን ሞላሁ። ዘመን፦ ሮማነስክ፣ ዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት።
ርዝመት፣ ስፋት፣ የግድግዳው ዝመት።
«ምርመራ» ከሚለው ዓምድ ስደርስ ብዕሬ ትንሽ ዘገየና
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ሥራው አላለቀም።
ሠራተኛው ምሳ ላይ ነው።